የቦንሳይ ክለቦች፦ ትንሿን ዛፍ ለማኖር የብዙ ሰው እጅ

በዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ብሔራዊ የቦንሳይና ፔንጂንግ ሙዚየም ቁመቱ ከሰው ያነሰ አንድ የጃፓን ነጭ ፓይን አለ። ሙዚየሙ እንደሚገልጸው ይህ ዛፍ በሰው እጅ መኮትኮት የጀመረው እንደ ጎርጎሮሳውያን የዘመን አቆጣጠር በ1625 ነው። በ1945 ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲጣል ዛፉ ከፍንዳታው ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የያማኪ ቤተሰብ የችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነበር። ከፊቱ የቆመ ግንብ ጋርዶት ተረፈ። በ1976 አሜሪካ 200ኛ የነጻነት ዓመቷን ስታከብር ጃፓን ካበረከተቻቸው 53 ቦንሳዮች አንዱ ሆነ። ከቦምቡ መትረፉ በሰፊው የታወቀው ግን ከ25 ዓመታት በኋላ፣ በ2001 የለጋሹ የልጅ ልጆች ዛፉን ለማየት ወደ ሙዚየሙ በመጡ ጊዜ ነው።

ዛፉን እስከ ዛሬ ያቆየው ግንቡ ብቻ አይደለም። ቦንሳይ ጥልቀት በሌለው ማሰሮ ውስጥ ስለሚኖር በበጋ ሙቀት ለጥቂት ቀናት ውሃ ቢያጣ ይደርቃል። ስለዚህ ከ1625 ጀምሮ በየትኛውም ትውልድ ውሃ የሚያጠጣው፣ የሚገርዘውና አፈሩን የሚቀይርለት ሰው አላጣም ማለት ነው። ይህ እውቀት ከመጽሐፍ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ከጃፓን ውጭ ይህን የማስተላለፍ ሥራ በዋናነት የሚያከናውኑት በየከተማው የሚገኙ የቦንሳይ ክለቦች ናቸው።

ቦንሳይ የዛፍ ዝርያ አይደለም

"ቦንሳይ" የሚለው የጃፓንኛ ቃል በዝርግ ማሰሮ ውስጥ የተተከለ ተክል ማለት ነው። ጥበቡ የተጀመረው በቻይና ሲሆን፣ በዚያ ዛፍን፣ ድንጋይንና መልክዓ ምድርን በአንድ ሳህን አዋሕዶ የማሳየት ልማድ ፔንጂንግ ይባላል። ወደ ጃፓን ተሻግሮም የራሱን መልክና ሥርዓት ይዟል።

ብዙዎች ቦንሳይ በተፈጥሮው አጭር የሆነ የዛፍ ዓይነት ይመስላቸዋል። "የቦንሳይ ዘር" እየተባለ የሚሸጠውም ይህን የተሳሳተ ግንዛቤ ተመርኩዞ ነው። እንዲህ ያለ ዘር የለም። ቦንሳይ የሚሆነው ሜዳ ላይ ቢተከል እንደ ማንኛውም ዛፍ የሚያድግ ተክል ነው። በትንሽነቱ የሚቆየው ሥሩ በማሰሮው ስለሚወሰን፣ ሥሩና ቅርንጫፉም በየጊዜው ስለሚገረዝ ነው። ተርቦ ነው የሚባለውም ስሕተት ነው። እንዲያውም የሚበላው አፈር ጥቂት ስለሆነ በእድገት ወቅቱ ማዳበሪያ በየጊዜው ይሰጠዋል። በጥሩ እንክብካቤ ቅጠሉ እያነሰ ሊሄድ ይችላል፤ አበባውና ፍሬው ግን መጠናቸውን አይቀንሱም። በዚህ ምክንያት ክንድ በማታህል ዛፍ ላይ ሙሉ መጠን ያለው ፍሬ ተንጠልጥሎ ይታያል።

በስደተኞች እጅ የተስፋፋ ጥበብ

በአሜሪካ የቦንሳይ ክለቦች ታሪክ ከጃፓናውያን ስደተኞችና ልጆቻቸው ታሪክ አይነጠልም። በጉልህ ከሚጠቀሱት አንዱ ጆን ናካ ነው። በ1914 በኮሎራዶ ከጃፓናውያን ወላጆች የተወለደው ናካ፣ በልጅነቱ ወደ ጃፓን ተወስዶ ከአያቱ ስለ ቦንሳይ ተማረ። በኋላም ወደ አሜሪካ ተመልሶ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሎስ አንጀለስ ኑሮውን መሠረተ። በ1950 ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ማኅበር ዛሬ የካሊፎርኒያ ቦንሳይ ሶሳይቲ በሚል ስም ይታወቃል። ናካ የጃፓን ዝርያ ለሌላቸው ተማሪዎችም በእንግሊዝኛ ያስተምር ስለነበር ጥበቡ ከአንድ ማኅበረሰብ አጥር ወጥቶ በሰፊው ተሠራጨ።

"ጎሺን" የተባለው ሥራው በዋሽንግተኑ ሙዚየም ይገኛል። የስሙ ትርጉም "የመንፈስ ጠባቂ" ማለት ነው። በአንድ ሳህን ላይ የቆሙ 11 ጥዶች ደን መስለው ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ዛፍም ከናካ የልጅ ልጆች አንዱን ይወክላል።

ዛሬ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ክለቦችን ፖቶማክ ቦንሳይ አሶሲዬሽን የተባለ ማኅበር ያስተባብራቸዋል። በብሪታኒያም ክለቦች በአንድ ፌዴሬሽን ሥር ተሰባስበዋል። በግንቦት መጀመሪያ ገደማ፣ በጎርጎሮሳውያኑ ሜይ ወር ሁለተኛ ቅዳሜ፣ የዓለም የቦንሳይ ቀን ስለሚከበር ብዙ ክለቦች በዚያ ሰሞን በራቸውን ለሕዝብ ይከፍታሉ።

በስብሰባው ምን ይደረጋል?

አብዛኞቹ ክለቦች በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባሉ። ቦታው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የማኅበረሰብ ማዕከል ወይም የእጽዋት ማዕከል ሊሆን ይችላል። የስብሰባው ዋና ክፍል ሠርቶ ማሳያ ነው። ልምድ ያለው አባል ወይም ተጋባዥ ባለሙያ ማንም ልብ የማይለውን የችግኝ ጣቢያ ተክል ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያም የትኛውን ቅርንጫፍ እንደሚያስቀር፣ የትኛውን እንደሚቆርጥ፣ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ እያብራራ በአንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ የወደፊቱን ዛፍ ቅርጽ ያወጣል። ለጀማሪ ትልቁ ትምህርት "ለምን" የሚለው ነው። መቀሱን ሁሉም ሰው ይይዘዋል፤ ከመቁረጥ በፊት ከአምስት ዓመት በኋላ የሚሆነውን አሻግሮ ማየት ግን ልምድ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የተግባር ሥልጠና ነው። አባላት የየራሳቸውን ዛፍ ይዘው ይመጣሉ፤ የሠለጠኑት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተዘዋወሩ ያግዟቸዋል። በዚህ ጊዜ የታመመ ዛፍም "ይመረመራል"። ቅጠሉ ለምን ቢጫ ሆነ? ይህ ነጭ ብናኝ ምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ተመሳሳይ የአየር ጠባይ ባለበት ሰፈር የሚኖር ጎረቤት ከሩቅ አገር መጽሐፍ በተሻለ ይመልሳቸዋል።

ከዚህም ሌላ ክለቦች ዓመታዊ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጃሉ፤ የአባላት ጨረታና ቶምቦላ ይኖራቸዋል፤ መጻሕፍትና ውድ መሣሪያዎችን ያዋውሳሉ፤ አፈርና ማሰሮ በጅምላ ገዝተው ይከፋፈላሉ። አንዳንዶቹ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅደው ከጫካ ወይም ከሚፈርስ ግቢ ያረጁ ቁጥቋጦዎችን ነቅለው ለማሳደግ ይጓዛሉ። ያለ ፈቃድ መንቀል በብዙ አገሮች የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ያለ ወቅቱ መንቀል ደግሞ ዛፉን ይገድለዋል።

ሦስት ዓመት ውሃ ለማጠጣት

በጃፓን የቦንሳይ ባለሙያዎች ዘንድ ውሃ ማጠጣትን ብቻ ለመማር ሦስት ዓመት ይፈጃል የሚባል አነጋገር አለ። አባባሉ ያለ ምክንያት አልተለመደም። "በየስንት ቀኑ ላጠጣ?" ለሚለው የጀማሪ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። የዛፉ ዓይነት፣ የማሰሮው መጠን፣ ነፋሱና ፀሐዩ ሁሉ ይለያያሉ። ክለቦች የሚያስተምሩት ጣትን ወይም ቀጭን እንጨት ወደ አፈሩ ሰድዶ እርጥበቱን መለካትን፣ መድረቅ ሲጀምር ደግሞ ውሃው በማሰሮው ቀዳዳ እስኪፈስ ድረስ ማጠጣትን ነው። በበጋ ሙቀት ይህ በቀን ሁለት ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል፤ በክረምት ደግሞ ለቀናት ላያስፈልግ ይችላል።

አፈሩም እንደ ጓሮ አፈር አይደለም። አካዳማ የሚባለው የጃፓን የሸክላ ጠጠር፣ ከእሳተ ገሞራ የሚገኙ ቀላልና ቀዳዳ የበዛባቸው ድንጋዮችና የመሳሰሉት ይደባለቃሉ። ዓላማው ውሃው ቶሎ እንዲወርድና ሥሩ አየር እንዲያገኝ ነው። በጠበበ ማሰሮ ውስጥ ውሃ የሚቋጥር አፈር ሥርን ያበሰብሳል።

በየተወሰነ ዓመት ዛፉ ከማሰሮው ወጥቶ ከሥሩ ከፊሉ ይቆረጣል፤ አዲስ አፈርም ይደረግለታል። ወጣት ዛፎች በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ፣ ያረጁ ፓይኖች ደግሞ በሦስትና በአምስት ዓመት ወይም ከዚያ ዘግይተው ይህ ይደረግላቸዋል። የብርድ አገር ዛፎች ጊዜያቸው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ እምቡጡ ከመፈንዳቱ በፊት ነው። በዚያ ሰሞን ብዙ ክለቦች አባላት በጋራ አፈር የሚቀይሩበት ቀን ያሰናዳሉ።

ቅርንጫፍ የሚታጠፈው በአሉሚኒየም ወይም በመዳብ ሽቦ ነው። አሉሚኒየሙ ለስላሳ ስለሆነ ለጀማሪ ይመከራል። ሽቦው ቅርንጫፉ ከመወፈሩ በፊት ካልተነሣ ቅርፊቱን በልቶ ለዓመታት የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል።

የጠረጴዛ ጌጥ ያልሆነው ዛፍ

ክለቦች ከአዲስ አባላት በተደጋጋሚ የሚሰሙት ታሪክ አንድ ነው። በስጦታ የተገኘ ወይም ከገበያ የተገዛ ትንሽ ጥድ፣ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ከቆየ በኋላ በድንገት ይደርቃል። እንደ እውነቱ ከሆነ ዛፉ በድንገት አልሞተም። ጥድ ከሞተ በኋላም ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ሊቆይ ይችላል። ባለቤቱ ችግሩን ሲያየው ጊዜው አልፏል። ጥድ፣ ፓይን፣ ሜፕልና ኤልም የውጭ ዛፎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ክረምቱን በብርድ ማረፍ አለባቸው። ቤት ውስጥ ለሚያሳድግ ሰው የሚመከሩት እንደ ፋይከስ ያሉ የሞቃት አገር ዛፎች ሲሆኑ፣ እነርሱም ቢሆኑ ብዙ ብርሃን በሚያስገባ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ነገር አለ። ዋርካና ሾላ የፋይከስ ወገን ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለው የአፍሪካ ወይራም በደቡብ አፍሪካ በቦንሳይ አሳዳጊዎች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ነው። መገረዝን በሚገባ ይችላል፤ ቅጠሉ ትንሽ ነው፤ ግንዱም ሲያረጅ ያማረ ቅርጽ ይይዛል። ሆኖም በውጭ የሚኖር ሰው ከአገር ቤት ችግኝ በሻንጣ ይዞ ልሂድ ቢል ሕግ ይከለክለዋል። አብዛኞቹ አገሮች ተባይና በሽታን ለመከላከል አፈር ያለበት ተክል እንዳይገባ ያግዳሉ፤ ሌላውም የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። ከጃፓን በስጦታ የመጡት 53 ዛፎች እንኳ ለእይታ ከመቅረባቸው በፊት በሜሪላንድ በተክል ለይቶ ማቆያ መቆየት ነበረባቸው። የተሻለው መንገድ በሚኖሩበት አገር ከሚገኝ የችግኝ ጣቢያ ተዛማጅ ዝርያ መፈለግ ነው።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

ክለቦች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ተመሳሳይ ነው። ያለቀለት ውድ ቦንሳይ ከመግዛት ይልቅ ከአንድ በላይ ርካሽ የችግኝ ጣቢያ ተክሎችን መያዝ ይሻላል። አንድ ዛፍ ብቻ ያለው ሰው በየቀኑ ሊነካካውና ሊቆርጠው ስለሚሻ ዛፉ ዕረፍት ያጣል፤ ብዙዎቹ ካሉ ግን አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይሠራል። ስለታም መቀስ፣ ሽቦ መቁረጫና ጥቂት ሽቦ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። አባል ከመሆን በፊት በእንግድነት አንድ ስብሰባ መካፈል በብዙ ክለቦች የተለመደ ነው። በዋሽንግተንና አካባቢው ለሚኖሩ ደግሞ የሙዚየሙ መግቢያ ነጻ ነው። "ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያለ ላደገ ሰው ደግሞ የሥራው ዝግታ እንግዳ አይሆንበትም።

ዛፉ ከባለቤቱ ዕድሜ ሲበልጥ

ክለቦች ከሚሸከሟቸው ኃላፊነቶች ከባዱ በዐውደ ርዕይ ላይ አይታይም። በሚገባ የተያዘ ቦንሳይ ካሳደገው ሰው በላይ ይኖራል። ባለቤቱ ሲታመም፣ ወደ ትንሽ ቤት ሲዛወር ወይም ሲሞት ሠላሳና አርባ ዓመት የተደከመበት ስብስብ በአንድ የበጋ ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ቤተሰቡ በኀዘን ላይ ነው፤ ውሃ ማጠጣቱንም የሚያውቀው ላይኖር ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ የክለቡ አባላት ተራ ገብተው ያጠጣሉ፤ ቤተሰቡ ሊያቆየው የሚፈልገውን ዛፍ ለይቶ እንዲይዝ ያግዛሉ፤ የቀሩትን በተገቢ ዋጋ ለሚንከባከባቸው ሰው ያስተላልፋሉ። ዕድር ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማድረግን ይመክራሉ። የእያንዳንዱን ዛፍ ዓይነት፣ አፈሩ የተቀየረበትን ዓመትና ምንጩን በጽሑፍ ማኖር፤ ለእረፍት ጉዞ ሲወጡ የሚያጠጣ ሰው ማሠልጠን፤ ዛፉን ወደፊት ማን እንደሚረከብ በሕይወት ሳሉ መናገር። የያማኪ ቤተሰብ ዛፍ ዛሬ በዋሽንግተን የቆመው በየዘመኑ የያዘው ሰው ለሚቀጥለው ስላስረከበው ነው። ክለብ የሚገባ ጀማሪም ከውሃና ከሽቦ ጋር አብሮ የሚማረው ይህንኑ ነው።