የፀሐይ ኤሌክትሪክና የፎገራ ጤና ኬላዎች

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላል ያገራችን ሰው። ፎገራ ላይ ይህ ተረት ለመብራትም ይሠራል። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ተዘርግቶ፣ ርብና ጉማራ አቋርጠውት ወደ ሐይቁ ይገባሉ። የዚያው ሐይቅ ውሃ በ1950ዎቹ በጢስ ዓባይ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በጣና በለስ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ተደርጓል፤ የጣና በለሱ ብቻ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሆኖም ሽቦው ወረታ ደረሰ ማለት ሜዳው ሁሉ በራ ማለት አይደለም። ከሽቦው ለራቀ ጤና ኬላ ሌሊቱ ያው ሌሊት ነው።

ነገሩ የምቾት ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ይህን ገጽ ባልያዝንበት ነበር። ነገር ግን ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ከአፋቸው እየሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ብዙ ቤተ ሰብ ከቀዬው ማፈናቀሉ ይታወሳል። መንገዱ በውሃ ሲቆረጥ፣ ምጥ የያዛት እናት ወደ ወረታ መሻገር ያቅታታል፤ የምትደርሰው እዚያው ቀበሌዋ ካለው ጤና ኬላ ነው። ደም ሲፈስ የት እንደሚፈስ ለማየት፣ ሕፃኑ መተንፈሱን ለማወቅ፣ ብርሃን ያስፈልጋል። ችግሩም የፎገራ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ዘገባ፣ አስተማማኝ ኤሌክትሪክ በሌላቸው ወይም ጭራሹን በሌላቸው የጤና ተቋማት የሚገለገለው ሕዝብ ወደ 1 ቢሊዮን ይጠጋል።

ታዲያ ፀሐይ ምን ታደርግልናለች? ዛሬ በየጣራው የምናየው የሲሊኮን ሰሌዳ አባት በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የተቋቋመው በዚያው ዓመት መሆኑ ደስ የሚል መገጣጠም ነው። ያን ጊዜ ሰሌዳው ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 6 እጅ ያህሉን ነበር፤ የዛሬዎቹ 20 እጅና ከዚያም በላይ ይለውጣሉ። ወረታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ሰሌዳው ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ በጥቂቱ መዘንበል አለበት። ዝናቡም ያጥበዋል፤ በበጋ ግን አቧራውን በጨርቅ መጥረግ የሰው ሥራ ነው።

አሁን ሒሳቡን እናስላ። አንድ ጤና ኬላ 10 ዋት የሚወስዱ 4 አምፖሎችን ሌሊት 10 ሰዓት ቢያበራ 400 ዋት ሰዓት ይሆናል። ለሠራተኞቹ ስልክና ለመመርመሪያው መብራት 100 ብንጨምር፣ የቀን ወጪው 500 ነው። በክረምት ፀሐይ ሁለት ቀን ልትደበቅ ስለምትችል 1000 ዋት ሰዓት ማስቀመጥ ይገባል። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በላይ መራቆት ስለሌለበት 2000 የሚይዝ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች ናቸው። ሰሌዳው፣ በመንገድ የሚባክነው ታስቦ፣ 200 ዋት ቢሆን ይበቃል።

እንግዲህ 1000 ዋት የሚወስድ የሻይ ውሃ ማፍያ ለአንድ ሰዓት ቢሰካ የሁለት ቀን መብራት በላ ማለት ነው። 30 ጎረቤቶች ማታ ስልካቸውን ቢሰኩም፣ እያንዳንዱ 15 ዋት ሰዓት ሲወስድ 450 ይሆናል፤ የዕለቱ ድርሻ አለቀ። ጎረቤትን እምቢ ማለት ደግሞ ያስቸግራል።

ባትሪው የሚሞተውም በዚሁ ነው። ባዶ ሆኖ ሲሰነብት በእርሳሱ ሉሆች ላይ የሚጋገረው ነጭ ጨው ይጠነክርና ኃይል መያዝ ይሳነዋል። ሰሌዳው 25 ዓመት ሊያገለግል ሲችል፣ እንዲህ ያለው ባትሪ በደኅና ቢያዝ እንኳ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 10 ዓመት ያህል ይቆያል፤ ሲገዛ ግን ውድ ነው። ስለዚህ መብራቱ ሲጠፋ «ፀሐዩ ተበላሸ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ነው፤ የደከመው ባትሪው ነው።

ክትባትን ከዚህ ባትሪ ጋር ማቆራኘት አይገባም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቀመጥ አለበት፤ አንዳንዱ ሙቀት ሲያበላሸው፣ እንደ ጉበት በሽታ ክትባት ያለውን ደግሞ ውርጭ ያበላሸዋል። ለዚህ የተሠራው ማቀዝቀዣ ከራሱ ሰሌዳ በቀጥታ እየሠራ፣ ቀን በረዶ አድርጎ ብርዱን ያጠራቅማል፤ ፀሐይ ብትጠፋም ቢያንስ 3 ቀን ይጠብቃል። ባትሪው በረዶው ነው ማለት ይቻላል።

በበኩላችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ሰሌዳ የሚሰጥ ሁሉ የሚቀጥለውን ባትሪ ዋጋ ከዛሬው በጀት ይቁጠር፤ ያለዚያ የሰጠው የ4 ዓመት መብራት ነው። ሁለተኛ፣ የጎረቤት ስልክ ቀትር ላይ፣ ባትሪው ሞልቶ የሰሌዳው ኃይል ሲተርፍ ይሞላ፤ የሚከፈለውም ሳንቲም ለባትሪው ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ የባትሪውን ውሃና ሽቦ በየወሩ የሚያይ ሰው በስም ይመደብ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሁለት ሠራተኞችን ለአንድ ጤና ኬላ መደበ፤ ሥራቸው እናቶችንና ሕፃናትን መጠበቅ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛም ሁኑ ማለት ግፍ ነው።

ከእኛ መካከል ነገ ኢንጂኒየር፣ ሐኪም፣ የበጀት ሹም የሚሆን አለ። ኢንጂኒየሩ ሰሌዳውን ሰቅሎ ሲመለስ፣ ሐኪሙ ጨለማውን ሲለምደው፣ ሹሙም የባትሪውን መስመር ከወረቀቱ ሲሰርዝ፣ ሦስቱም በየበኩላቸው ሥራቸውን የፈጸሙ ይመስላቸዋል። በነሐሴ ሌሊት ግን ጉማራ ሞልቶ አንዲት እናት ስታምጥ፣ አምፖሉ መብራት አለመብራቱ የሦስቱ ሥራ ድምር ነው።