ስለ ቢሾፍቱ ሐይቆች አፈጣጠርና ስለ ቤተ ሰብ ሽርሽር



ሳምንቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከመዝገብና ከወረቀት ጋራ ሲታገል የሰነበተ ሰው፥ በዕረፍቱ ቀን አካሉንም መንፈሱንም ማደስ ይገባዋል። በተለይም በየካ አባዶና ይህን በመሰሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የሚያድጉ ሕፃናት እግራቸውን የሚያፍታቱበት ሰፊ ስፍራ ስለሚያስፈልጋቸው፥ ባለቤትንና ልጆችን ይዞ አንድ ቀን በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ በእግር መንሸራሸር ብዙ ጥቅም አለው። ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኝ፥ ማለዳ የተነሣ ቤተ ሰብ ሳይመሽበት ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ልጅ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ሐይቁን ቍልቍል ባየ ጊዜ «ይህን ጕድጓድ ማን ቈፈረው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወላጆች መልሱን ዐውቀው ቢገኙ ሽርሽሩ ትምህርት ጭምር ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ ወደ ላይ ይወጣ የነበረው የቀለጠ ዐለት ከመሬት ሥር ካለው ውኃ ጋራ ተገናኘ። ውኃውም በድንገት እንፋሎት ሆነ። የሚፈላ ድስት ክዳኑን እንደሚያነሣ ሁሉ፥ ይህም የታፈነ እንፋሎት በላዩ የነበረውን ዐለትና ዐፈር ፈንቅሎ በተነው። የተበተነው ዐፈር በዙሪያው ወድቆ ክብ አፋፍ ሠራ፤ ጕድጓዱንም የዝናምና የከርሰ ምድር ውኃ ሞላው። ቢሾፍቱ፥ ባቦጋያ፥ አረንጓዴ፥ እንዲሁም ከመስቀል በኋላ በየዓመቱ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት ሆራ አርሰዲ የተገኙት በዚህ ዐይነት ነው።

ከዚህ አፈጣጠር የተነሣ ወላጆች ከቶ ሊዘነጉት የማይገባ አንድ ነገር አለ። የሌላ ሐይቅ ዳር ቀስ በቀስ እየጠለቀ ሲሄድ፥ የነዚህ ዳር ግን ገደል ስለ ሆነ ከጥቂት ርምጃ በኋላ እግር መቆሚያ ያጣል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት እስከ 87 ሜትር፥ የባቦጋያ 65 ሜትር ያህል፥ የሆራም 38 ሜትር ያህል ይደርሳል። ባለ አራት ፎቅ የሆኑ አምስት የኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች አንዱ ባንዱ ላይ ቢነባበሩ፥ በቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቅ ስፍራ ጫፋቸው ከውኃው በላይ አይታይም። ስለዚህ ሕፃን በውኃው አጠገብ ብቻውን አይተው፤ በቍልቍለቱም ላይ እጁ ተይዞ ይውረድ፤ ሁሉም የማያንሸራትት ጫማ ያድርግ።

ሁለተኛው ነገር የሐይቆቹ ጤና ነው። ከነዚህ ሐይቆች ተነሥቶ የሚወጣ ወንዝ የለም። ፀሐይ ውኃውን ስታተን ጨዉ እዚያው ይቀራል፤ የአረንጓዴ ሐይቅ ውኃ በሶዳ የበዛውና በዐይን በማይለዩ ደቃቅ ዕፀዋት የለመለመው ስለዚሁ ነው። ደግሞም አየር የሚያገኘው የላይኛው ውኃ ብቻ ሲሆን፥ ከሥር ያለው ኦክሲጅን ያጣ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የብርድ ወራት የላይኛው ውኃ ሌሊት ቀዝቅዞ ወደ ታች ሲሰምጥ የታችኛው ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ዓሦች ታፍነው የሚሞቱበት ጊዜ አለ። ቆሻሻ ሲጨመርበት ችግሩ ይብሳል፤ የሚበሰብስ ነገር ሁሉ ያንኑ ጥቂት ኦክሲጅን ይጨርሳልና።

እንግዲህ ምሳውን በሐይቁ ዳር የበላ ቤተ ሰብ ፌስታሉንና የውኃውን ጠርሙስ ሰብስቦ ይዞ ይመለስ፤ ልጆቹም ምክንያቱን ይነገራቸው። ምክንያቱን የተረዳ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ነጋሪ ያደርገዋል። ደኅና ሰንብቱ።