የጣሊያን ዘመን ቤሬታ ስንት ያወጣል?

የአሮጌ አውቶማቲክ መሣሪያ ዋጋ ያለው ከብረቱ ይልቅ ወረቀቱ ላይ ነው

በመስቀል ሰሞን ከመርካቶ ወደ ሶዶ፣ ወደ መስቃንና ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ የሚወርደው ነጋዴ ከቤተሰብ ጋር ከሚመክርባቸው ጉዳዮች አንዱ የውርስ ንብረት ነው፡፡ መሬቱና ከብቱ ዋጋቸው ይታወቃል፡፡ አከራካሪ የሚሆነው ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ በቤቱ የኖረ መሣሪያ ሲገኝ ነው፡፡ አንዱ ወገን «የአባት ማስታወሻ ነው፤ አይነካም» ይላል፡፡ ሌላው «በውጭ አገር አሰባሳቢዎች በብዙ ሺህ ዶላር ይገዙታል» የሚል ወሬ ከደላላ ሰምቶ ይመጣል፡፡ ወሬው መሠረት አለው፤ ይሁን እንጂ የተነገረው ግማሹ ብቻ ነው፡፡

መሣሪያን የክብር ምልክት ማድረግ ለአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም፡፡ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በምትገኘው ጥያ የቆሙት ትክል ድንጋዮች 36 ሲሆኑ፣ 32ቱ ምስል የተቀረጸባቸው ናቸው፡፡ ከምስሎቹም ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው፡፡ ዩኔስኮ ሥፍራውን እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፡፡ ሰይፉ በመቃብር ላይ የክብር ምልክት እንደነበር ሁሉ፣ በኋላ ዘመን ጠብመንጃ በግድግዳ ላይ ተመሳሳይ ቦታ ያዘ፡፡

ጠብመንጃ እንደ ሸቀጥ

በኢትዮጵያ ጠብመንጃ ከክብር ዕቃነቱ ባሻገር ትልቅ ሸቀጥም ነበር፡፡ በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በዝርዝር ገንዘብነት ይመነዘር ነበር፡፡ ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ነው፡፡ ሰናድርም የእንግሊዙ «ስናይደር» ነው፡፡ ቤልጅግ የሚለው ደግሞ የቤልጅግ ሥራ መሆኑን ይናገራል፡፡ ሕዝቡ የዕቃውን ምንጭ በስሙ ይለይ ነበር ማለት ነው፡፡

በንግዱ ከተሰማሩት የውጭ ሰዎች መካከል በዓለም የታወቀው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1885 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው፣ በአውሮፓ ከአገልግሎት ውጭ የሆኑ አሮጌ ጠብመንጃዎች ከቤልጅግ ከተማ ከሊዬዥ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ተገዝተው በሸዋ እስከ 40 ፍራንክ ይሸጣሉ፡፡ በወረቀት ላይ ትርፉ ከአምስት እጥፍ ይጠጋል፡፡ ዳሩ ግን ራምቦ ዕቃውን ይዞ ታጁራ ላይ ለብዙ ወራት ቆመ፤ ሸሪኩ ሞተበት፡፡ በ1887 ሸዋ ሲደርስም ምኒልክ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ገዙት፤ የሸሪኩ አበዳሪዎችም በላዩ ላይ ተነሱበት፡፡ ክፍያውን ለማግኘት ሐረር ድረስ መሄድ ነበረበት፡፡ የመሣሪያ ትርፍ በመንገድ፣ በፈቃድና በጊዜ እንደሚበላ የእሱ ሒሳብ ጥሩ ማስረጃ ነው፡፡

ቤሬታው ምንድን ነው?

ከጣሊያን ጊዜ መሣሪያዎች የአሰባሳቢን ዓይን ከሚስቡት አንዱ በመሐንዲሱ ቱሊዮ ማሬንጎኒ የተነደፈው ቤሬታ ሞዴል 38 ነው፡፡ የሽጉጥ ጥይት (9 ሚሊ ሜትር) የሚተኩስ፣ ባለ እንጨት ሰደፍ አጭር አውቶማቲክ መሣሪያ ነው፡፡ ሁለት ምላጭ አለው፤ የፊተኛው አንድ በአንድ፣ የኋለኛው በተከታታይ ያስተኩሳል፡፡ ካዝናው ከ10 እስከ 40 ጥይት የሚይዝ በተለያየ መጠን ይሠራ ነበር፡፡

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያይዘው ታሪክ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1939 መሣሪያውን በብዛት ቀድሞ ያዘዘው የጣሊያን የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የታዘዘውም ለአፍሪካ ፖሊሱ ነበር፡፡ ይህ ፖሊስ ኢትዮጵያ ውስጥም ይሠራ ነበር፡፡ የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ጦር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ፣ በአገሪቱ የተበተነው የጣሊያን መሣሪያ ከፊሉ በአርበኛውና በገበሬው እጅ ቀረ፡፡

አሰባሳቢ የመሣሪያውን ዕድሜ ከአፈሙዙ ሽፋን ይለያል፡፡ በመጀመሪያዎቹ ላይ የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎቹ ረዘም ያሉ ናቸው፤ በኋላ የተሠሩት ክብ ቀዳዳ አላቸው፡፡ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ይበልጥ ይፈለጋሉ፡፡ ከዚህ ሌላ ቁጥሮቹ እርስ በርስ መስማማታቸው፣ ሰደፉ አለመቀየሩና መሣሪያው ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ማስረጃ መኖሩ ዋጋውን ይወስናሉ፡፡ ሰደፉን በቫርኒሽ ያሳመረ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት የፋቀ ባለቤት ዋጋውንም አብሮ ፍቆታል፡፡

የውጭው ገበያ እንዴት ይሠራል?

«ብዙ ሺህ ዶላር» የሚባለው ዋጋ የአሜሪካ ዋጋ ነው፡፡ በዚያ አገር ታዋቂው ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በ200 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር፡፡ በ1934 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ አውቶማቲክ መሣሪያ እንዲመዘገብና ለሌላ ሲተላለፍ 200 ዶላር ቀረጥ እንዲከፈልበት አደረገ፡፡ በ1968 ከውጭ ለግለሰብ ሽያጭ ማስገባት ተከለከለ፡፡ በግንቦት 1986 ደግሞ ለግለሰቦች አዲስ ምዝገባ ተዘጋ፡፡

ከዚያ ወዲህ በግለሰቦች መካከል ሊሸጥና ሊለወጥ የሚችለው ቀድሞ የተመዘገበው ብቻ ነው፡፡ አቅርቦቱ ሲዘጋ ፈላጊው ግን አልቀነሰም፡፡ በዚህ ምክንያት የተመዘገበ ቶምሰን ዛሬ በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣል፡፡ በአንጻሩ አንድ ወታደር ከጦር ሜዳ አምጥቶ ያላስመዘገበው፣ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ መሣሪያ ሕጋዊ ዋጋው ዜሮ ነው፡፡ እንዲያውም ባለቤቱን እስከ አሥር ዓመት እስራት ሊያደርሰው ይችላል፡፡ በ1968 ለአንድ ወር ያህል ያለ ቅጣት የማስመዝገብ ዕድል ተሰጥቶ ነበር፤ ያ ያመለጠው ወራሽ የአባቱን ማስታወሻ መሸጥም ማስመዝገብም አይችልም፡፡

ስለዚህ ገዢው ያን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው በምዝገባው ምክንያት ነው፡፡ ከጥያም ሆነ ከቡታጅራ የሚወጣ ቤሬታ ደግሞ ወደዚያ መዝገብ የሚገባበት በር የለውም፡፡ የአሜሪካን ዋጋ በምንዛሪ አባዝቶ የአገር ቤቱን መሣሪያ የሚተምን ደላላ፣ ያለ ሊብሬ መኪናን በባለ ሊብሬ መኪና ዋጋ እንደሚተምን ይቆጠራል፡፡

በአውሮፓ ሌላ መንገድ አለ፡፡ ዳግመኛ እንዳይተኩስ በባለሙያ ተደርጎ የምስክር ወረቀት የተሰጠው መሣሪያ በብዙ አገሮች ለአሰባሳቢ ይሸጣል፡፡ ዋጋው ግን ከሚተኩሰው በእጅጉ ያንሳል፤ ያም ቢሆን ወረቀት ይጠይቃል፡፡

የአገር ቤቱ ሕግ

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፡፡ በአዋጁ መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ፣ ማዘዋወርና ወደ ውጭ መላክ ወንጀል ነው፡፡ «አሮጌ ነው»፣ «አይተኩስም»፣ «ከአያት የመጣ ነው» የሚለው መልስ ፈቃድን አይተካም፡፡ አስማምቶ ኮሚሽን የሚወስደው ደላላም፣ ጭኖ የሚያጓጉዘው ሾፌርም ከተጠያቂነት አያመልጡም፡፡

ሁለተኛው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፡፡ ታሪካዊ ዋጋ ያለው ዕቃ ቅርስ ሆኖ ሲገኝ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው፡፡ ስለሆነም ሻጩ «መሣሪያ አይደለም፤ ጥንታዊ ዕቃ ነው» ብሎ ከመጀመሪያው ሕግ ለመሸሽ ቢሞክር ከሁለተኛው ጋር ይጋጫል፡፡ ዕቃው ዋጋ የሚያገኝበት ምክንያት፣ ማለትም ታሪኩ፣ ከአገር እንዳይወጣ የሚያግደውም ነው፡፡

መተኮስስ?

በውጭ አገር ፈቃድ ያለው አሰባሳቢ በተከለለ የተኩስ ሜዳ አሮጌውን መሣሪያ አልፎ አልፎ ይተኩሳል፡፡ ይህን የሚያደርገው ግን በጠመንጃ ሠሪ አስመርምሮ፣ የደከመ ሞላ አስለውጦና አዲስ ጥይት ገዝቶ ነው፡፡ የተሰበረ ኦሪጅናል ክፍል በቀላሉ ስለማይተካ እያንዳንዱ ተኩስ ከዋጋው ይቀንሳል፡፡

በቤት የተቀመጠውን መሣሪያ በለቅሶ ወይም በሠርግ ላይ ማስጮህ ግን ከሕግ ጥሰትነቱ በተጨማሪ ለሕይወት አደገኛ ነው፡፡ እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች ለተኩስ ሲዘጋጁ የውስጥ ብረታቸው ወደ ኋላ ተስቦ በሞላ ኃይል ተይዞ ይቆያል፡፡ መያዣው ካረጀ ሰው ምላጩን ሳይነካ፣ መሣሪያው በመውደቁ ብቻ ሊተኩስ ይችላል፡፡ ለአሥርተ ዓመታት በጭስና በእርጥበት የቆየ ጥይትም በአፈሙዙ ውስጥ እርሳሱን ሊያስቀር ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ሲከተል ብረቱ ይፈነዳል፡፡

ወራሹ ምን ያድርግ?

እንዲህ ያለ መሣሪያ በውርስ የደረሰው ሰው ከሁሉ በፊት መሣሪያውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ መጓዝ የለበትም፡፡ ፈቃድ የሌለውን መሣሪያ ማጓጓዝ ራሱ ሌላ ወንጀል ነው፡፡ ባለበት ትቶ ለወረዳው ፖሊስ በቅድሚያ ማሳወቅ፣ በሟች ስም የወጣ የቆየ ፈቃድ ካለ ፈልጎ ማቅረብ ይገባል፡፡ መሣሪያው ማን እንደማረከው፣ የት እንደተማረከና እንዴት እንደቆየ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ በጽሑፍ ማስፈር ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው፡፡ መሣሪያው በሙዚየም እንዲቀመጥ ቤተሰቡ ቢወስን የሚፈለገው በቅድሚያ ይኸው ታሪክ ነው፡፡

በንግድ ዓይን ሲታይ፣ በአሁኑ ሕግ የጣሊያን ዘመን አውቶማቲክ መሣሪያ ለኢትዮጵያዊ ባለሀብት ኢንቨስትመንት ሊሆን አይችልም፡፡ በግልጽ የሚሸጥበት ገበያ፣ ዋስትና የሚቀበለው ባንክ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው ፈቃድ የለም፡፡ ለመግዛት የቀረበለት ነጋዴ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «በማን ስም ተመዝግቧል?» የሚለው ሊሆን ይገባል፡፡ መልሱ «በማንም» ከሆነ የዋጋ ድርድሩ እዚያው ላይ ያበቃል፡፡