የልጄ ጽሑፍ ለአክስቶቿ ብቻ ደረሰ

ሠላሳ ዓመት የኖርኩት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ነው። በታይፕራይተር ጀምሬ በኮምፒዩተር ጡረታ ወጣሁ። በእነዚያ ዓመታት የስንቱን ጎረቤት ልጅ የሥራ ማመልከቻ በምሳ ሰዓቴ እንደመታሁ ቁጥሩን አላውቀውም። በካርቦን ሦስት አራት ኮፒ አወጣለሁ፤ ልጁ በየመዝገብ ቤቱ እየዞረ ያስገባል። ከዚያ ሥራ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። የፐርሶኔል ኃላፊ ማመልከቻ ቁጭ ብሎ አያነብም። «ጉዳዩ» የምትለዋን መስመር ያይና ወይ ይመራዋል ወይ ያስቀምጠዋል። እዚያች መስመር ላይ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ያልተጻፈለት ልጅ ወረቀቱ ትሪው ውስጥ ይከርማል።

ይህ እውቀት በጡረታ ዘመኔ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የጠቀመኝ በሁለተኛዋ ልጄ ምክንያት ነው።

ልጄ አምና በአካባቢ ሳይንስ ተመረቀች። ከዚያ ወዲህ ቀኑን የምትውለው ስልኳ ላይ ነው። እኛ በዘመናችን ሥራ ስንፈልግ ቆመን ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ እናነባለን፤ ማመልከቻ ይዘን በእግራችን እንዞራለን። ሥራ መፈለጋችን ለወላጅ ይታያል። የዛሬ ልጅ ግን ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ «ሥራ እየፈለግኩ ነው» ይላል። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ «ስልኩን ተይው» እያልኩ ስጨቃጨቅ ከረምኩ። በኋላ ሳይ የምትጽፈው ሊንክድኢን ላይ ነው። ለማታውቁት፣ ፌስቡክን የመሰለ ግን ለሥራ ጉዳይ የተቋቋመ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ፤ በ2016 ማይክሮሶፍት ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛው። ዛሬ አባላቱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ናቸው። ቀጣሪዎች ሰው ይፈልጉበታል፤ ባለሙያዎች ስለ ሥራቸው ይጽፉበታል።

አንድ ቀን አንብቢልኝ አልኳት። በእንግሊዝኛ ነበር። «ትጉህ፣ ለመማር የምጓጓ፣ በቡድን መሥራት የምወድ» የሚል ነው። ጋዋን ለብሳ የተነሣችው ፎቶ አለበት። ስንት ሰው ወደደው ስላት አሥራ አንድ አለችኝ። ስማቸውን ስናይ ሦስቱ አክስቶቿ፣ አንዱ ዲሲ ያለው አጎቷ፣ የቀሩት አብረዋት የተመረቁ ሥራ ፈላጊዎች ናቸው።

እናት ነኝና አላስቻለኝም። ራሴ አካውንት አስከፈትኩ፤ ያገኘሁትን ጽሑፏን ሁሉ ላይክ አደረግኩ፤ ሥሩም «እንኳን ደስ አለሽ የኔ ቆንጆ» እያልኩ ጻፍኩ። ማታ መጥታ «እማዬ፣ አንቺ ስትጫኚው እኮ ተመልሶ ለአክስቶቼ ነው የሚደርሰው» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ነገሩን ያስረዳኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ሠራተኛ የሚቀጥረው ክፍል ይሠራል። «እትዬ» አለኝ፣ «ገጹ ጽሑፉን ለሰው ሁሉ አያሳይም። መጀመሪያ ከሚያውቋት ለጥቂቶቹ ያሳያል። እነሱ ቆም ብለው ካነበቡት፣ ስለ ሥራው ቁም ነገር ያለው አስተያየት ከጻፉበት ያሰፋዋል። ዝም ብለው ካለፉት እዚያው ይቀራል።» የድርጅቱ ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ2020 አንባቢ ጽሑፉ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ እንደሚቆጥሩ ጽፈዋል። በ2023 ደግሞ እውቀትና ምክር ያለበትን፣ በዚያው ሙያ ያሉ ሰዎች የሚነጋገሩበትን ጽሑፍ እንደሚያስቀድሙ ተናግረዋል። የእኔ «የኔ ቆንጆ» እንግዲህ ከዚህ የትኛውም ውስጥ አይገባም። ፍቅሬን ቤት ውስጥ ብገልጽላት ይሻል ነበር።

ስልኩን አሳየኝ። ከጽሑፉ የሚታየው የመጀመሪያው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ የቀረውን ለማንበብ «ተጨማሪ» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል። ያኔ ነው የገባኝ፤ ይቺማ «ጉዳዩ» ናት! ልጄ «ጉዳዩ» ላይ «ትጉህ ነኝ» ብላ ጻፈች። ትጉህ አይደለሁም ብሎ ያመለከተ ሰው በሠላሳ ዓመት አላጋጠመኝም።

ሌላም ነገር አየሁ። ከስሟ ሥር አንድ መስመር አለች፤ ቀጣሪ ሰው ሲፈልግ ከሚያያቸው የመጀመሪያዋ ናት። እዚያ ላይ «ሥራ ፈላጊ» ብላለች። በሙያዋ ሰው የሚፈልግ መሥሪያ ቤት «ሥራ ፈላጊ» የሚል ቃል አስገብቶ አይፈልግም፤ «የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ» ወይም «የውኃ ጥራት ምርመራ» ብሎ እንጂ። ያንን ወዲያው ቀየረችው። መኖሪያ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ «አዲስ አበባ» ብላለች። አዲስ አበባ መሆናችን እውነት ነው። ግን ከኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከቆሼ መሆናችንን የትም አልጻፈችም።

ለምን እንደተወችው አልጠየቅኳትም፤ አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ሳለች ሰፈሯን ሲጠይቋት አየር ጤና ነው የምትለው። ስማችን ራሱ ከቆሻሻ የወጣ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ሲናድ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በዚያ ሳምንት ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ስንሄድ እጄን አልለቀቀችም። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሌሊት አታወራም፤ የተማረችው ግን እሱኑ ነው። ቆሻሻ ሲከመር ውስጡ ምን እንደሚሆን፣ ጋዙ ከየት እንደሚመጣ፣ ዝናብ ሲገባበት ለምን እንደሚከብድና እንደሚንሸራተት ከእሷ ነው የሰማሁት።

አንድ ቀን ቡና ላይ «ይህን የምትነግሪኝን ለምን አትጽፊውም?» አልኳት። «ማን ያነበዋል እማዬ? ደግሞ የቆሼ ልጅ ይሉኛል» አለች። «ይበሉሻ» አልኳት። ተኮራርፈን ዋልን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቤቱን ቆሻሻ በሚዛን ስትመዝን አገኘኋት። ሰባት ቀን የቤታችንን ለይታ መዘነች፤ የወጥ ቤቱን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ። ከግማሽ በላይ የወጥ ቤት ሆነ፤ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ሁሉም እርጥብ። ከዚያ ጻፈችው። መጀመሪያ በአማርኛ ለእኔ እንደምታወራ ጻፈች፤ እንግሊዝኛው በኋላ መጣ። የመጀመሪያው መስመር በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ «ያደግኩት ቆሼ ነው። የቤታችንን ቆሻሻ ሰባት ቀን መዝኜ ያገኘሁት ይህ ነው።» ቀጥላም ከክምሩ አጠገብ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን የረጲ ጣቢያ አነሣች፤ እርጥብ ቆሻሻ ለምን ለማቃጠል እንደሚያስቸግር፣ ከቤት ተለይቶ ቢወጣ ምን እንደሚቀየር አስረዳች። መጨረሻ ላይ ለባለሙያዎች አንድ ጥያቄ አቀረበች። ያያያዘችው ፎቶ የሚዛኑንና የሦስቱን ፌስታል ነው።

ፎቶው ላይ ተከራክረናል። ጓደኛዋ ክምሩ ላይ ፕላስቲክ የሚለቅሙትን ሰዎች አንሺ፣ ብዙ ሰው ያየዋል ብሏት ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ሳይጠየቁ የሰፈራችን ሰዎች በቂ ፎቶ ተነሥተዋል። ሰው በጎረቤቱ ጀርባ አይታይም፤ ይህን ለልጆቻችሁ ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

በማግስቱ ጠዋት ከአሥራ አንዱ ወደ ሁለት መቶ ግድም ደርሶ ነበር። ቁጥሩ ግን አይደለም የገረመኝ። አንዲት በሙያው ብዙ ዓመት የሠሩ ሴት «በየትኛው ወር ነው የመዘንሽው? በክረምት ይለያል» ብለው ጠየቋት። ልጄ ቁጭ ብላ ረጅም መልስ ጻፈች። ሌላ ሰው ገባ፤ ተከራከሩ። የጎረቤታችን ልጅ አስቀድሞ ነግሯት ነበር፤ ጽሑፉን ለጥፎ መጥፋት ሳይሆን ለሚጠይቅ መመለስ ነው ሌሎች ዘንድ የሚያደርሰው ብሎ።

ከሚመጣው መልእክት ሁሉ መልካም አይደለም። በዚያው ሳምንት አንድ «ቀጣሪ» ጽፎላት ውጭ አገር ሥራ አለ፣ ለፎርም ማስኬጃ ብር ላኪ አላት። ስልክ ቁጥሯን ከገጹ ላይ እንድታነሣ ያደረግኳት ያን ቀን ነው። ሥራ የሚሰጥ ሰው ከሥራ ፈላጊ ብር አይለምንም፤ ይህ በታይፕራይተሩም ዘመን ያው ነበር።

ሥራ አገኘች ወይ ለምትሉኝ፣ ገና ናት። ክረምቱን ስላነሡት ሴት አማካይነት ለአንድ የአጭር ጊዜ ጥናት ለቃለ መጠይቅ ተጠርታለች፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። መኖሪያ የሚለው ቦታ ላይ ያለው «አዲስ አበባ» አልተቀየረም፤ እኔም አልነካካሁትም።

ባለፈው እሑድ ሁለተኛውን ስትጽፍ እኔም ላይኬን ተውኩና እንደ ሰው ጥያቄ ጠየቅኩ። በእርግጥም ሲከነክነኝ የነበረ ነገር ነው፤ የከሰል አመዳችን ከየትኛው ይመደባል? ከፍራፍሬው ጋር ነው ወይስ ለብቻው? ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ሳሎን ተቀምጣ መልስ ጽፋልኛለች፦ «ወይዘሮ፣ ስለ ጠቃሚ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ። አመድ ለብቻው ቢቀመጥ ይመረጣል፤ በተለይ ትኩስ ከሆነ ከፕላስቲኩ ጋር እንዳያቀላቅሉት።»

«አንቺ ልጅ፣ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ ያልሽኝ?» ብዬ ጮኽኩ። ከሳሎን ሳቋ ተሰማኝ።