አዋሽን ባህር የሚያስገባ ስሌት

ዲጂታል የከፍታ ሞዴል ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በአረንጓዴና በቡናማ ያሸበረቀ፣ ተራራው ከወረቀቱ ብድግ ያለ የሚመስል ካርታ ነው። ቀለሙም ጥላውም ግን ኋላ የሚጨመር ነው። ሞዴሉ ራሱ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ ምድሪቱ እንደ ዳማ ሰሌዳ በካሬ በካሬ ትከፈልና በየካሬው አንድ ቁጥር ይሰፍራል፦ ከባህር ጠለል በላይ ስንት ሜትር።

በሰፊው ከሚሠራባቸው ሰንጠረዦች አንዱ የተለካው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ነው። የናሳዋ መንኮራኩር ኢንዴቨር ስድስት ጠፈርተኞች ይዛ ለ11 ቀናት ምድርን ስትዞር፣ አንዱ የራዳር አንቴና ከጭነት ክፍሏ፣ ሌላው 60 ሜትር ከሚረዝም ምሰሶ ጫፍ ላይ ነበር። የተላከው ሞገድ መሬት ነክቶ ሲመለስ ሁለቱም ይቀበሉታል፤ ከፍታው የሚሰላው አንደኛው ጋ በደረሰውና ሌላው ጋ በደረሰው መካከል ካለው ጥቂት ልዩነት ነው። ራዳር ደመናም ጨለማም አይከለክለውም። በዚህ መንገድ ከምድር የብስ 80 በመቶ ያህሉ ተለካ። ከአሜሪካ ውጭ ላለው ዓለም ለዓመታት የተሰጠው ካሬው 90 ሜትር የሆነው ቅጂ ነበር። ባለ 30 ሜትሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ መሆን ሲጀምር ቅድሚያ ያገኘችው አፍሪካ ናት።

ጥቅሙ ብዙ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ የሚለየው በዋናነት በከፍታ ስለሆነ የኢትዮጵያን የአየር ጠባይ ካርታ ከዚህ ሰንጠረዥ ማውጣት ይቻላል፤ ወባ በብዛት የሚገኝበት ከ2000 ሜትር በታች ያለው መሬትም እንዲሁ። እርከን የሚያሻው ተዳፋት፣ ግድብ ሲሞላ ውሃ የሚተኛበት ስፍራ፣ መንገድ የሚቀልበት አቅጣጫ፣ ሁሉም ከዚያው ይሰላል።

እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የውሃው ስሌት ነው። ፕሮግራሙ ከአንድ ካሬ ዙሪያ ያሉትን ስምንት ጎረቤቶች ያይና ውሃውን ቁልቁለቱ ወደሚበረታበት ይልካል። ይህንኑ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋግመው ጅረቱም ወንዙም ተፋሰሱም ይወጣል። የሚቸገረው ጉድጓድ ሲገጥመው ነው። አንድ ካሬ ከስምንቱም ዝቅ ካለ ውሃው መውጫ ያጣል። እንዲህ ያለው ጉድጓድ ብዙ ጊዜ የልኬት ስህተት ስለሆነ፣ ውሃው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ መድፈን የተለመደ ነው። ወንዙ ሁሉ ባህር በሚገባበት አገር ይህ ያስኬዳል። እኛ ጋ ግን አዋሽ ባህር አይደርስም፤ አፋር ወርዶ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ኦሞ ቱርካና ላይ ያበቃል። ሻላ መውጫ የለውም። የደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ፕሮግራሙን እንዳሻው የለቀቀ ባለሙያ እነዚህን ሁሉ እንደ ስህተት ደፍኖ አዋሽን ባህር ያስገባዋል። ካርታው ደግሞ ያምራል፣ ሰማያዊው መስመር አይቆራረጥም፤ አገሩን የማያውቅ አይቶ አይጠረጥርም። ማረሚያው ከባድ አይደለም፤ ውሃው እውነት የሚያበቃባቸውን ሐይቆች አስቀድሞ ለፕሮግራሙ መንገር ነው።

ሌላም ጉድለት አለ። የኢንዴቨር ራዳር ሞገድ 5.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይመልሰዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን ባለበት የሚለካው አፈሩን ሳይሆን ወደ ዛፉ አናት የተጠጋውን ነው። ገደላማ ቦታ ላይ ተራራው ራሱ ራዳሩን ይጋርደውና ሰንጠረዡ ላይ ባዶ ካሬ ይቀራል፤ ኋላ ከሌላ ምንጭ ይሞላል።

ሜዳ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የልኬቱ የከፍታ ስህተት እስከ 16 ሜትር ቢደርስ እንዲታለፍ ታቅዶ ነበር፤ ውጤቱ ከዚያ ተሽሎ ቢገኝም ጥቂት ሜትር መሳቱ አልቀረም። ራስ ዳሸን ላይ ይህ ምንም አይደለም። ጋምቤላ ላይ ባሮ ሲሞላ ግን የትኛው ቤት እንደሚጥለቀለቅ የሚወስነው የአንድ ሜትር ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ በአውሮፕላን የሚወሰድ የሌዘር ልኬት ወይም መሬት ላይ በጥንቃቄ የተለካ ነጥብ ያስፈልጋል።