ለባለ ሦስት እግር ሞተር ተተኪ ጎማ ስለ መምረጥ

በገዳሪፍ ከተማ «ራክሻ»፣ ከድንበሩ ወዲህ በመተማ «ባጃጅ» እየተባለ የሚጠራው ባለ ሦስት እግር ሞተር ለሁለቱም ወገን ሕዝብ የዕለት አገልጋይ ከሆነ ቆይቷል። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ ገብቷል፤ ቤተሰብ ከነጓዙ በሚሳፈርበት ጊዜም የሸክሙ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ቁመታቸው ከአንድ ክንድ በማያልፍ ሦስት ጎማዎች ላይ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ጎማ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለ ጥርሱ ውፍረት ብቻ ነው።

አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው በጎማው ጐን የተጻፈው ቁጥር ነው። ሰው በሚያሳፍረው ባጃጅ ላይ የተለመደው «4.00-8» የሚለው ሲሆን፣ ፊተኛው ቁጥር የጎማው ስፋት 4 ኢንች፣ ኋለኛው ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር 8 ኢንች መሆኑን ያመለክታል። ዕቃ የሚጭኑት ባለ ሦስት እግሮች ግን ብዙዎቹ 12 ኢንች ቸርኬ ስላላቸው የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ከዚህ ቀጥሎ «ፒ» እና «አር» በተባሉት የላቲን ፊደላት አጠገብ 4፣ 6 ወይም 8 ተብሎ የሚጻፈው የጥንካሬ ደረጃ ነው። ባለ 6 ደረጃው ከባለ 4 ደረጃው ይልቅ ከፍ ያለ የአየር ግፊት ስለሚችል የበለጠ ይሸከማል፤ ሆኖም ጎማው ስለ ጠነከረ ፍሬኑና አክሱ አብረው አይጠነክሩምና ከፋብሪካው ከተወሰነው በላይ ለመጫን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

አንዳንድ ሹፌሮች የተበላውን ጎማ ወደ ፊት ያዛውራሉ። ምክንያታቸውም የፊተኛው እግር የሚሸከመው ክብደት ከኋለኞቹ ያነሰ ነው የሚል ነው። ነገሩ እውነት ቢሆንም ውሳኔው የተሳሳተ ነው። የፊተኛው እግር ብቻውን ነው፤ መሪውም የሚታዘዘው በእርሱ ነው። በሩጫ ላይ ሳለ ቢፈነዳ የሚደግፈው ጓደኛ ስለሌለው ሞተሩ አቅጣጫውን ስቶ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ከሦስቱ የከፋው ጎማ በፊት ሊገባ ፈጽሞ አይገባም።

የኋለኞቹ ሁለቱ በአንድነት ቢለወጡ ይሻላል። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ሲሆን ቁመታቸው ስለማይተካከል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ሞተሩም ወደ አንድ ወገን ይጐትታል።

ስለ ጥርሱ ዓይነት ሲነገር፣ የገዳሪፍ ምድር ዋልካ መሆኑ ሊታሰብ ይገባል። ይህ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ዝናብ ሲወርድበት አብጦ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ጥርሱ የተቀራረበ ጎማ ወዲያው በጭቃ ተሞልቶ ልሙጥ ይሆናል። ወደ ሰሊጥና ወደ ማሽላ እርሻ የሚመላለስ ሰው ለኋላ ጥርሱ የተራራቀውን ቢመርጥ ይጠቀማል። ዳሩ ግን ከገዳሪፍ በዶካ በኩል ወደ ጋላባት በሚወስደው አስፋልት ላይ ይህ ዓይነቱ ቶሎ ይበላል። ደግሞም በጥልቅ ዋልካ ውስጥ የገባን ባለ 8 ኢንች ሞተር የሚያወጣ ጥርስ ስለሌለ፣ የከተማ ሹፌር ለጥቂት የዝናብ ቀናት ሲል የጭቃ ጎማ መግዛቱ ከንቱ ወጪ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የጎማው ዕድሜ ነው። ላስቲክ ባይነዳበትም በፀሐይና በሙቀት ይደርቃል፤ በሱቅ ደጃፍ ለፀሐይ ተሰቅሎ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጐኑ የተሰነጣጠቀ ሊሆን ይችላል። ብዙ አምራቾች በጎማው ጐን ላይ አራት አኃዝ ያትማሉ። «2315» ቢል በ2015 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይህ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ የ2007 ዓ.ም. የግንቦት መጨረሻ ይሆናል። አቆጣጠሩን ያላስተዋለ ገዢ ጎማውን በስምንት ዓመት አሳንሶ ይገምተዋል። ባጃጆችን የሚመረምር ሹምም ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ይህን ቁጥር ቢያነብ መልካም ነው።

በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ የሠራው ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነበር፤ የፈጠራውን መብት ያስመዘገበውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ነው። ከዚያ ወዲህ ሸክሙን የሚሸከመው በውስጡ የታመቀው አየር መሆኑ አልተለወጠም። አየሩ ያነሰው ጎማ ጐኑ እየታጠፈ ይግላል፤ የፀሐዩ ሙቀት ሲጨመርበትም ይፈነዳል። ልኩ የሚታየው ከፋብሪካው መመሪያ ነው፤ የሚለካውም በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነዳ ነው። ከጉዞ በኋላ የሚለካ ሰው በሙቀት የተነፋውን አየር በዝቷል ብሎ ያስተነፍሳል፤ በማግስቱም ጎማው ጐድሎ ያድራል።

ከአዲስ ጎማ ጋር የውስጡም ላስቲክ ይለወጥ፤ አሮጌው ስለ ተለጠጠ ተጨማዶ ይቀደዳልና። ቸርኬው በብሎን የተገጣጠመ ባለ ሁለት ክፍል ከሆነ ደግሞ፣ ጎሚስታው ብሎኖቹን ከመፍታቱ በፊት አየሩን ጨርሶ ማስወጣት አለበት። አየር ሳይወጣ የተፈታ ቸርኬ በኃይል ተፈናጥሮ የሠራተኛውን እጅና ፊት ይመታል።