የዱር ተርኪ አደንና የአሜሪካ የቁጥጥር ሥርዓት

የቱርክ ዶሮ በሚል ስምም የሚጠራው ተርኪ የሰሜን አሜሪካ አገር በቀል አዕዋፍ አካል ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ገደብ ባልነበረው አደንና በደን ምንጠራ ሳቢያ የዱር ዝርያው ከበርካታ የዩናይትድ ስቴትስ ግዛቶች ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ በሚሊዮኖች የሚገመት ሲሆን፣ ለዚህም አደኑን በሕግ የመምራት ሥርዓት ከፍተኛ አስተዋጽኦ አድርጓል።

የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ በሚል የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው ሕግ በአደን ጠመንጃና ጥይት ላይ የሚጣለው የ11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ልማት እንዲውል ደንግጓል። የፌዴራሉ መንግሥት ከአንድ ፕሮጀክት ወጪ እስከ 75 በመቶ የሚሸፍን ሲሆን፣ ቀሪውን ግዛቱ ያሟላል። ግዛቱ የገንዘቡ ተጠቃሚ የሚሆነው ከአዳኞች የሚሰበስበውን የፈቃድ ክፍያ ለሌላ ዓላማ እስካላዋለ ድረስ ነው።

በጉረኖ ያደጉ ተርኪዎችን ወደ ጫካ የመልቀቁ ሙከራ አልተሳካም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን የዱር ተርኪዎችን በባሩድ ኃይል በሚወነጨፍ መረብ ይዞ ወደ ጠፉባቸው ሥፍራዎች ማዛወሩ ውጤት አስገኝቷል።

የአደን ደንብ የሚያወጣው እያንዳንዱ ግዛት ነው። አዳኙ ፈቃድ ማውጣትና የገደለውን ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። በፀደይ ወራት የሚፈቀደው በአብዛኛው ወንዱን፣ ይኸውም ደረቱ ላይ ጺም መሰል ላባ ያለውን ብቻ ማደን ነው። አንድ ወንድ ከብዙ እንስቶች ጋር ስለሚራባ፣ እንስቶቹ እስካልተነኩ ድረስ መንጋው ይተካል። በአብዛኞቹ ግዛቶች እህል በትኖ ማደን የተከለከለ ሲሆን፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ አደኑ በቀትር ይቆማል።

አዳኙ ወፉ የሚያድርበትን ዛፍ አመሻሽ ላይ ለይቶ፣ ከንጋት በፊት ከሰፊ ግንድ ሥር ጀርባውን አስደግፎ ይቀመጣል። ከዚያም የእንስቷን ድምፅ በማስመሰል ወንዱን ይጠራል። የወንዱ ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ በመሆኑ እነዚህን ቀለማት መልበስ ለሕይወት አስጊ ነው። ድምፅ ወደተሰማበት አቅጣጫ አድብቶ መሄድም፣ ድምፁ የሌላ አዳኝ ሊሆን ስለሚችል ያልተገባ ነው። ዒላማው በግልጽ ሳይታይ መተኮስ አይፈቀድም።

ቁጥጥሩ አንዴ ተደንግጎ የሚቀር አይደለም። አላባማ የተርኪው ቁጥር መቀነስ ስላሳሰባት እ.ኤ.አ. በ2022 የአደኑን መክፈቻ ያዘገየች ሲሆን፣ ለአንድ አዳኝ በወቅቱ የሚፈቀደውንም ከ5 ወደ 4 ዝቅ አድርጋለች።